ጃርዲያ ያልሆነው ተቅማጥ፦ ቆሽት ሲያልቅ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚባለው «ጃርዲያ ነው» ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ሁለት ሦስቴ መድኃኒት ተውጦ ካልለቀቀ ግን ቆሽትን አስቡ። ነርስ ነኝ፤ ይኼን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ችግር፦ ሰገራው ቅባት አለው፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል

ሰገራው ገርጣ ይላል። ላዩ እንደ ወጥ ዘይት ያብለጨልጫል፤ ውሃ ቢደፉበትም ተጣብቆ ይቀራል። ሽታው ሌላ ነው።

ምክንያት፦ ቆሽት ሁለት ሥራ አለው። ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ አንጀት ይልካል፤ ኢንሱሊንና ግሉካጎን የሚባሉ ሆርሞኖችን ደግሞ ወደ ደም ይለቃል። ለዓመታት የቆየ መቆጣት ሥጋውን ጠባሳ ያደርገውና ሁለቱም ሥራ ይቆማል። ቅባት የሚፈጨው ላይፔዝ 90 በመቶ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ተቅማጡ ጎልቶ ስለማይታይ፣ ምልክቱ ሲመጣ ጉዳቱ የቆየ ነው።

ከሐይቁ ዳር የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አይረሳኝም። ሚስቱ ባዶ የኪኒን እሽግ ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። አምስት ዙር የጃርዲያ መድኃኒት! «እህቴ፣ ሱሪው እኮ በሲባጎ ነው የሚታሰረው» አለችኝ። የሰገራ ምርመራው አንዴም ጃርዲያ አላሳየም። አሚሌዝ የሚባለው የቆሽት ኢንዛይም በደሙ ውስጥ ኖርማል ስለሆነ ቆሽትህ ደህና ነው ተብሎ ተመልሷል። ይኼ ያናድደኛል። አሚሌዝና ላይፔዝ ደም ውስጥ የሚያሻቅቡት ቆሽት በድንገት ሲቆጣ ነው፤ ያለቀ ቆሽት ወደ ደም የሚያፈሰው ነገር የለውም። ሲቲ ስካን ሲነሳ ቆሽቱ ጠጠር በጠጠር ሆኖ ተገኘ። ጠጪ ነህ እያሉም አሸማቀውታል፤ ሰውየው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም።

መፍትሄ፦ የኢንዛይም ካፕሱል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ለአንድ ዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት ላይፔዝ፣ ለመክሰስ ግማሹ ነው። ሐኪሙ ያስተካክለዋል።

ችግር፦ ካፕሱሉ አልሠራም

አጥማጁም እንዲህ ብሎ ተመለሰ። እንዴት ነው የሚወስዱት ስለው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ እንደ ኮሶ መድኃኒት! ካፕሱሉ ከምግቡ ጋር ነው መውረድ ያለበት። አንዱን በመጀመሪያው ጉርሻ፣ ሌላውን በመሐል። አታኝኩት። በትኩስ ሻይ አትዋጡት። መስኮት ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ አታስቀምጡት፤ የሚያዝያ ሙቀት ያበላሸዋል። ይኼ ሁሉ ተስተካክሎም ካልሠራ የጨጓራ አሲድ ኢንዛይሙን እየገደለው ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይጨምርበታል። ደግሞ ቅባት ፈርታችሁ በደረቅ እንጀራ አትኑሩ። ካፕሱሉን በትክክል ከወሰዳችሁ ቆሮሶ ዓሣውን ብሉ። አጥማጁ ከወራት በኋላ ሲመጣ ሱሪው በቀበቶ ታስሮ ነበር።

አንድ ነገር አትደብቁ፤ ኢንዛይሙ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ታካሚው ኋላ ከሰው ሲሰማ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ቀድማችሁ ንገሩት፣ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይነጋገርበት።

ችግር፦ ስኳሩ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል

ምክንያት፦ ከኢንሱሊኑ ጋር፣ የወረደ ስኳርን የሚያነሳው ግሉካጎንም አልቋል። ስለዚህ ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ማዘግየት አደገኛ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይሞከርም። አረቄ በጭራሽ! ስኳሩን ይጥላል፣ የቀረውንም ቆሽት ይጨርሳል። ሲጋራም ቆሽቱን ይጨርሳል።

ታካሚው ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠና ንግግሩ ከተምታታ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ሰክሯል ብላችሁ አትለፉት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ለኩ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩ፣ ሆስፒታል ሩጡ።

ሌሎቹ፦ ማታ ማታ ማየት ካቃተ ቫይታሚን ኤ ጎድሎ ይሆናል፤ ይመርመር። ከምግብ በኋላ እስከ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም በማስታገሻ ብቻ አይታለፍም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።