አደጋው አልፎ ሰቀቀኑ ሲቀር፦ የፒቲኤስዲ ምልክቶችና ሕክምናው

ከጦርነት፣ ከመደፈር፣ ከከባድ የመኪና አደጋ ወይም ከስደት መንገድ ስቃይ በኋላ እንቅልፍ ማጣትና መባነን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ላይ ይታያል። አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና እየቀለለው ይሄዳል። በማግስቱ «የሆነውን ሁሉ ተናገር» ብሎ ማስገደድ አይጠቅምም። ሐኪም ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ነው የሚለው ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁና ሥራን ወይም ኑሮን ሲያውኩ ነው።

ክስተቱ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሌሊት በቅዠት፣ ቀን ደግሞ አሁን እየደረሰ ያለ ያህል ሆኖ። ሰውየው ቦታውን፣ ሰዎቹን፣ ወሬውን ይሸሻል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል፣ ሰው አያምንም፣ ለሚወዳቸው እንኳ ስሜቱ ይደነዝዛል። በር ሲንኳኳ ይደነብራል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠ አይቀመጥም። ብዙዎች ግን ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ራስ ምታት፣ የልብ ምት ወይም ጨጓራ ብለው ነው፤ ካልተጠየቁ ቅዠቱን አያነሱም። ዝርዝሩን መናገር ባይፈልጉ እንኳ «ከዚያ ነገር ወዲህ ነው የጀመረኝ» ይበሉ። ይህች አንዲት ቃል የምርመራውን አቅጣጫ ትለውጣለች።

ሕመሙን የሚያቆየው መሸሹ ነው። ገበያ ያስፈራል፤ ከመንገድ ሲመለሱ ፍርሃቱ ወዲያው ይቀላል፤ አእምሮም «የዳንኩት ስለተመለስኩ ነው» ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያው ብቻ ሳይሆን ወደ ገበያ የሚወስደው ታክሲም ያስፈራል። ቤተሰብ በቅንነት «ተወው፣ እርሳው» ሲል ይህንኑ ያጠናክራል። ስለዚህ ውጤታቸው በጥናት የተረጋገጠ የንግግር ሕክምናዎች በባለሙያ እየተመሩ ወደ ትዝታው የሚያስጠጉ ናቸው። አንዱ በአብዛኛው በ12 ቀጠሮ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚሉ ሐሳቦችን ይፈትሻል። ሌላው ከ8 እስከ 15 በሚደርሱ የ90 ደቂቃ ቀጠሮዎች የሚፈራውን ትዝታና ቦታ ደረጃ በደረጃ ያለማምዳል።

መከራው አንድ ብቻ ላልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ለተፈናቃይና ለስደተኛ፣ የሕይወት ትረካ ሕክምና የሚባለውን እናስቀድማለን። ኡጋንዳ ውስጥ በሱዳን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። በመጀመሪያ ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል። አንዱ ጫፍ ልደት ነው፤ ሌላው ጫፍ ገና ያልተኖረ ዕድሜ ስለሆነ ተጠቅልሎ ይተዋል። ታካሚው በዘመን ቅደም ተከተል ለመልካሙ አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ስም ከመስጠት ያለፈ ዝርዝር በዚያ ቀን አይነሳም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀጠሮዎች ድንጋዮቹ በየተራ ይተረካሉ። ባለሙያው ያኔ ምን ታየ፣ ምን ተሰማ፣ ሰውነት ምን ሆነ፣ ምን ታሰበ ብሎ ይጠይቃል፤ ወዲያውም «አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ሰውነትዎ ምን ይሰማዋል?» ይላል። ትዝታው ቦታና ዘመን ሲያገኝ አሁን ያለ አደጋ መምሰሉን እየተወ ይሄዳል። የተተረከው ተጽፎ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይነበባል፤ በመጨረሻ ሙሉ ታሪኩ ለባለቤቱ ይሰጣል።

ሕክምናው የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ቀጠሮው ከተቋረጠ ታካሚው ብሶበት ይሄዳል፤ እስኪበርድ መቆየት ግድ ነው። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያዎቹ ትረካዎች በኋላ ቅዠት ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው ከቀጠሮ የሚቀረው ያኔ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ልጃችሁን ወይም ዘመዳችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሙያተኛ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። በልጅ ፊት ዋናው ነገር አይነገርም።

ከመድኃኒት ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን የተባሉ የድብርት ክኒኖች ይታዘዛሉ። ሰርትራሊን ብዙ ጊዜ በቀን ከ25 ወይም 50 ሚሊግራም ይጀመርና በሐኪም ውሳኔ እስከ 200 ሊደርስ ይችላል። ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ በመጀመሪያው ሳምንት ሊመጡ ይችላሉ፤ ጥቅሙ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። «አልሠራልኝም» ተብሎ የሚተወው እዚህ መሐል ነው። ከተሻለ በኋላም በርከት ላሉ ወራት ይወሰዳል፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ክኒን ለዛሬ ሌሊት ያስተኛል፣ ነገር ግን ሱስ ያስይዛል፣ ሰቀቀኑንም አያክምም። መጠጥም እንደዚያው ነው፤ ጫት ደግሞ እንቅልፉን ጨርሶ ይነሳል።

ጠበልና ጸሎት ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። ጉዳት የሚያመጣው ክኒኑን ማቋረጥ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ በጾም ወቅት ሰዓቱን ከመፍቻ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ ሐኪሙን ያማክሩ።

ትዝታው ድንገት ሲመጣ እግርዎን መሬት ላይ ይጫኑ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፣ የሚያዩትን አምስት ነገር በስም ይጥሩ፣ ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ጮክ ብለው ይናገሩ። በ4 ቆጠራ አየር አስገብተው በ6 ያስወጡ። ቤተሰብ ከኋላ መጥቶ አይንካ፤ የሚቃዠውንም አይነቅንቅ። በእግርጌው በኩል ቆሞ መብራት አብርቶ በስሙ ይጥራ።

ታማሚው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ፣ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የጦር መሣሪያ፣ የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ክኒን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።