የትራክተር ካምቢዮ ፊልትሮ እንዴት እንደሚቀየር

የሱሉልታን የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ የትራክተሩ ኮፈን ላይ በጣት ቢጽፉበት ይነበባል። በእንዲህ ዓይነቱ ጠዋት ትራክተራችን ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ አላነሣም አለ። ማንሻውን ስስበው ከመቀመጫው ሥር የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል፤ ማረሻው ግን ከመሬት አይላቀቅም። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ያህል ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቀስ እያለ ማንሣት ጀመረ። ያየው መካኒክ ዘይት ገፍቶ ማረሻውን የሚያስነሣውን ክፍል «ፖምፓው አልቋል፣ ይቀየር» ብሎ ፈረደበት። ዋጋውን ስሰማ ዐይኔ ጨለመ።

ዕድሜያቸውን ትራክተር ሲነዱ የኖሩ አንድ ጎረቤታችን ነገሩን ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «የሚብስበት ጠዋት ነው ወይስ ዘይቱ ሲሞቅ?»

«ጠዋት ነው ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ፖምፓውን አትንካ፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ፊልትሮውን አውጣና እየው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያረጀ ፖምፓ ጠዋት፣ ዘይቱ ወፍራም ሳለ ደህና ይሠራል፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ግን በውስጡ እያሾለከ ጉልበት ያጣል። የታፈነ ፊልትሮ በተቃራኒው ነው። ወፍራሙን የጠዋት ዘይት አላሳልፍም ይልና ሲሞቅ ይሻለዋል። ፊልትሮውን ስናወጣው ወንፊቱ ላይ የተጠቀለለው ቀይ የሲሊኮን ልጥ እና የጥጥ ክር ነበር። አፈር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከእርሻው ከገባው ይልቅ ቀደም ሲል ካምቢዮውን የከፈቱ ሰዎች እጅ ያስገባው ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሥራ ራሴ እሠራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውም በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሆለታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ እስከ ዱከም ትራክተር ይዞ ለሚያርስ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የራስዎን ትራክተር ይወቁ

በአብዛኛው የእርሻ ትራክተር የካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ)፣ የዲፈረንሻሉና ማረሻውን የሚያነሣው የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ነው። ያው አንድ ዘይት ማርሾቹን ያለሰልሳል፣ ማረሻውን ያነሣል፣ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሬን ካለም እርሱን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ፊልትሮው ሲታፈን ወይም ሲቀደድ ጉዳቱ የሚያርፈው በሁሉም ላይ ነው። በአንጻሩ እንደ ቤላሩስ 80 እና 82 ባሉት ትራክተሮች የሃይድሮሊክ ዘይቱ ለብቻው ገንዳ አለው፤ ከካምቢዮው ጋር አይገናኝም። እዚህ የምናወራው በጋራ ዘይት ስለሚሠሩት ነው።

ፊልትሮው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውጭ የሚታይ፣ እንደ ሞተር ዘይት ፊልትሮ ተጠምዝዞ የሚገባ ቆርቆሮ ነው፤ ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል። ሁለተኛው ፖምፓው ዘይት በሚስብበት በኩል በሽፋን ውስጥ የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ነው፤ ካልተቀደደ ታጥቦ ይመለሳል። ሁለቱም ያሉት ትራክተር ብዙ ነው፤ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳትም እንዲሁ ብዙ ነው። መመሪያ መጽሐፉን ከፍተው ስንት ፊልትሮ እንዳለው ይቁጠሩ።

ጊዜውንም የሚወስነው መጽሐፉ ነው። በአብዛኛው አዲስ ወይም ካምቢዮው ተከፍቶ የታደሰ ትራክተር የመጀመሪያው ቅያሬ ከ50 እስከ 100 የሥራ ሰዓት ባለው ጊዜ ይደረግለታል፤ ከዚያ በኋላ ፊልትሮው በየ250 ወይም በየ500 ሰዓቱ፣ ዘይቱ ደግሞ ወደ 1000 ሰዓት ሲደርስ ይቀየራል። እኔ ሰዓቱ ባይሞላም የግንቦት እርሻ ሳይጀመር ፊልትሮውን እቀይራለሁ። በሰኔ አጋማሽ፣ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ሲጠብቅ የሚቆም ትራክተር የሚያሳፍረው ባለቤቱን ነው።

የሚያስፈልገው

አሮጌውን ፊልትሮ ወይም ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። ሶማሌ ተራ ሲገቡ «ለማሴ ፈርጉሰን ስጠኝ» ማለት አይበቃም፤ የአንዱ ሞዴል ከሌላው ይለያል። የጥርሱን ስፋት፣ የጎማ ቀለበቱን ዙሪያና ቁመቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያዩ። ጥርሱ ልክ ሆኖ የሚገባ የሞተር ዘይት ፊልትሮ ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ ገባ ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው፣ ፊልትሮው ሲታፈን ዘይቱን የሚያሳልፈው ማለፊያ ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊትና የወረቀቱ ጥራት የተለየ ነው።

ዘይቱ መጽሐፉ ያዘዘው ደረጃ ይሁን። ፍሬኑ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ትራክተር ላይ ተራ የካምቢዮ 90 ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ፍሬኑ መጮኽና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሸራው አልቋል ይባላል፤ በሽታው ግን ዘይቱ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ትራክተር የሚሸጠው፣ ለካምቢዮም ለሃይድሮሊክም ለፍሬንም የተሠራው ዘይት ጀሪካን ላይ ዩቲቲኦ (UTTO) የሚል ጽሑፍ አለው።

ከዚህ ሌላ የፊልትሮ መፍቻ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ብሩሽ፣ ጥቂት ናፍጣ፣ ጓንትና ንጹሕ ጨርቅ ያዘጋጁ። የጨርቁ ነገር ቀላል አይምሰልዎ። የጋራዥ ጥጥም ሆነ ያረጀ ነጠላ ክር ይጥላል። ታጥቦ የደረቀ የአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ ከሁሉም ይሻላል።

ሥራው

ነፋስ በሌለበት፣ አቧራ በማይነሣበት ቦታ ይጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ። ትራክተሩን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነድተው ዘይቱ ለብ ይበል፤ ለብ ያለ ዘይት ዝቃጩን ይዞ ይወርዳል። እጅ እስኪያቃጥል ግን አይጠብቁ።

ሜዳ ላይ አቁመው ማረሻውን መሬት ላይ ያሳርፉ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን አውጥተው ኪስዎ ይክተቱ፣ ጎማዎቹን በታኮ ያስደግፉ። ከዚያ ሞተሩ እንደጠፋ የማንሻውን ሊቨር ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ይለቃል። በተነሣ ማረሻ ሥር ማንም ሰው አይግባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

አሁን የሥራው ዋና ክፍል መጣ፤ እርሱም ማጽዳት ነው። ምንም ሳይፈቱ የፊልትሮውን ዙሪያ በብሩሽና በናፍጣ ይጠቡ። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ደርቆ ሲጋገር እንደ ድንጋይ ነው፤ ብሩሽ ካላነሣው በእንጨት ፋቁት። በጨርቅ አድርቁት፣ ኮምፕሬሰር ካለ ይንፉበት። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ ፖምፓውን የሚበላው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ዐይን የማያየው ቅንጣት ነው። ፊልትሮው ሲፈታ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ከጠርዙ ላይ የሚረግፍ አንድ ቁንጣሪ አፈር የአዲሱን ፊልትሮ ጥቅም ያጠፋዋል። እኔ ለማጽዳት የምወስደው ጊዜ ለመቀየር ከሚፈጅብኝ ይበልጣል።

ቀጥሎ ፊልትሮው ከዘይቱ ከፍታ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ይወቁ። በላይ ከሆነ የሚፈሰው በፊልትሮውና በቧንቧው ውስጥ ያለው ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። በታች ከሆነ ግን፣ መዝጊያ ከሌለው በቀር፣ ሲፈቱት ገንዳው እንዳለ ይወርዳል፤ በመካከለኛ ትራክተር 40 ወይም 50 ሊትር ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አስቀድመው በማፍሰሻው ቡሎን በኩል ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያውጡት።

ሳፋውን ከሥር አድርገው ፊልትሮውን በመፍቻ ይፍቱ። ከወጣ በኋላ አሮጌው የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት፣ አብሮ መውጣቱን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በላዩ አዲሱን ካጠበቁበት ድርብ ቀለበት ይሆንና ሥራ ላይ ሳሉ ዘይቱን ይተፋዋል። በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ፣ ከዚያ መቀመጫውን በጨርቅ ይጥረጉ።

በአዲሱ ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ላይ በጣትዎ ንጹሕ ዘይት ይቀቡ። በእጅ እያዞሩ ያስገቡት፤ ጎማው ብረቱን ሲነካ ከዚያ ላይ ግማሽ ዙር ወይም ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርገው በእጅዎ ብቻ ያጥብቁ። መፍቻው ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ አይደለም።

ወንፊቱን ለማውጣት ሽፋኑን ይፍቱ፤ ቡሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይደርድሯቸው። ወንፊቱን በናፍጣ አጥበው ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት። አንድ ሽቦ እንኳን ከተበጠሰ ይቀየር። ሽፋኑን ሲመልሱ አዲስ ጋስኬት ያድርጉ፤ ሲሊኮን ግድ ከሆነ እንደ ክር ቀጭን ይሁን። ወደ ውጭ ተርፎ የሚታየው ያህል ወደ ውስጥም ተርፏል፤ ያ የተረፈው ነው ተላጦ ወንፊቱን የሚያፍነው።

አሮጌው ፊልትሮ የሚናገረው

አሮጌውን ከመጣልዎ በፊት ቆርቆሮውን በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው ወረቀቱን ዘርጉት። በብረት መጋዝ ከቆረጡት የመጋዙ ብናኝ ከካምቢዮው የመጣ ይመስልዎታልና አይጠቀሙበት። ማግኔት ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ካለም እርሱን ይመልከቱ። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ጭቃ የተለመደ የማርሽ መበላት ነው። በጣት ሲይዙት የሚወጋ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ስንጣሪ ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ መፈረካከሱን ይናገራል። ቢጫ ብናኝ ከነሐስ ክፍሎች፣ ጥቁር የሚበጣጠስ ነገር ከፍሬን ወይም ከፍሪሲዮን ሸራ የመጣ ነው። እነዚህን ካዩ ትራክተሩን ወደ እርሻ ሳይመልሱ ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳዩ።

የዘይቱን መልክም ይዩ። ወተት እንደበዛበት ማኪያቶ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ከተጠራጠሩ አንዲት ጠብታ፣ ከአንዲት አያብልጡ፣ ከሚነድ እሳት ርቆ በጋለ አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ያንጠባጥቡ። ጠሽ ጠሽ ካለ ውሃ አለበት። ውሃው ከየት መጣ? በእኛ አካባቢ አንዱ ምክንያት ከሥራ መልስ ትራክተሩን እንደሞቀ ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ነው። የጋለው ካምቢዮ ድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻውና ባረጀው ጎሚኒ በኩል ውሃ ይስባል። የማርሽ ዘንጉ ጎማ ተሰንጥቆ የክረምት ዝናብ የሚገባበትም ብዙ ነው። ውሃ የገባበትን ዘይት በሙሉ ሳይቀይሩ ፊልትሮ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ማስነሣትና ማረጋገጥ

ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ልክ ይሙሉ። ሞተሩን አስነሥተው ማንሻውን ሳይነኩ ጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይተዉት፤ ፖምፓው ዘይቱን እንዲስብና አየሩ እንዲወጣ። ከዚያ ማረሻውን የሚሸከሙትን የኋላ ክንዶች ባዶአቸውን ቀስ ብለው አራት አምስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ ቢንቀጠቀጡ አየር ነው፤ ይለቃል። ፍሳሽ ሲፈልጉ በእጅዎ አይዳስሱ። በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ያህል ቢመስልም ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። ካርቶን አስጠግተው ይዩ።

ሞተሩን አጥፍተው፣ ክንዶቹን አውርደው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው ዘይቱን እንደገና ይለኩ። አዲሱ ፊልትሮ የጠጣውን ይጨምሩ። ቀኑንና የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ፊልትሮው ላይ ይጻፉ፤ ሾፌር ቢቀየር እንኳን ጽሑፉ ይቀራል።

የወጣውን ዘይት በጀሪካን ከድነው ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ቦይ ውስጥ የሚደፋው ብዙው ዞሮ ዞሮ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ወንዝ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣል፣ ከብትም ይጠጣል። ከዚያም አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

በማግስቱ ውርጩ ሳይለቅ ተነሥተው ከትራክተሩ ሥር የዘይት ጠብታ መኖር አለመኖሩን ይዩ። አስነሥተው ጥቂት ያቆዩትና ማረሻውን እንደተሸከመ ማንሻውን ይሳቡ። የእኛው ያን ቀን ጠዋት፣ ሣሩ ገና ነጭ ሳለ፣ ሳያቃስት አነሣው። ፖምፓው እስከ ዛሬ ያው ነው።