ኮርቻ አልቀመጥ ላለ ፈረስ፦ ከገጣባው ወደ መነሻው

አዳማ ውስጥ ኮርቻና የጋሪ ዕቃ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከአርሲ በዴራ መንገድ የሚመጡትም፣ እዚሁ ከተማ ጋሪ የሚጎትቱትም ፈረሶች አብዝተው ይዘውልኝ የሚመጡት አንድ ነገር ነው፤ ጋማው የሚያልቅበት የትከሻ አጥንት ላይ የወጣ ገጣባ። ስለዚህ በእሱ ላይ እቆያለሁ። ጠፍሩ፣ ማለትም ኮርቻውን በሆዱ ዙሪያ የሚይዘው ማሰሪያ፣ እንዳልተበጠሰ፣ ከሥር እሾህ እንዳልገባ፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ፣ ግላሱ፣ እንደታጠበ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ገጣባ በትከሻው አጥንት ላይ

ኮርቻው አከርካሪው ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ሸክሙን መቀበል ያለበት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ነው፤ አጥንቱን ምንም ሊነካው አይገባም። ፈረስ ሲከሳ ያ ሥጋ ይጎድላል፣ አጥንቱ ይወጣል፣ ኮርቻው ይሰምጣል። ጥቅምት ላይ ሳር ጠግቦ ሳለ ልክ የነበረ ኮርቻ ሚያዝያ ላይ ያቆስለዋል። በተፈጥሮው ትከሻው ሹል የሆነ ፈረስማ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው።

ሰው ታዲያ ጨርቅ ይጨምራል። አንድ ሽማግሌ ዳማ ፈረስ ይዘው መጡ። ኮርቻውን ሳወርድ ከሥሩ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በአራት የታጠፈ አሮጌ ጋቢ፣ ከሁሉም በታች ስፖንጅ ወጣ። «አባቴ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ስላቸው፣ «ቁስሉ በባሰ ቁጥር እኮ ነው የጨመርኩለት፣ ልጄ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ግን የተደራረበው ጨርቅ በአጥንቱ ላይ ተወጥሮ እንደ ጠፍር ይዞት ስለነበር፣ በየሳምንቱ የሚጨምሩለት ጭነት ነበር። ስፖንጁን በሁለት ጣቴ ስጨብጠው እንደ ወረቀት ሳሳ። ሰው ሲቀመጥበትማ ምን ይቀረዋል? ለስላሳ ስፖንጅ ከኮርቻ ሥር አታድርጉ። ፕላስቲክ ከረጢትም አታድርጉ፤ ላብ ያፍናል፣ ቆዳውንም ይፈገፍጋል።

ሌላው የማየው ደግሞ ቁስሉ በሚያርፍበት ቦታ ምንጣፉን በክብ መቅደድ ነው። አንድ ባለጋሪ እንዲህ አድርጎ ሲመጣ የመሃሉ ቁስል ሳይድን የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ሌላ ቀለበት አቁስሎ ነበር። አትቅደዱ!

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ ክንድ ተኩል ያህል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ካርቶን፣ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ባና፣ ጆንያ፣ ሲባጎና ወስፌ ይበቃል። ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት። እጃችሁን ትከሻው ላይ አሳርፉና ሰው የፊት እግሩን ያንሳለት፤ ከእጃችሁ ሥር ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ሰፊ አጥንት የት እንደሚያበቃ ትይዛላችሁ። ኮርቻው ከዚያ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ይጀምራል፣ ከመጨረሻው ጎድን አያልፍም። ሽቦውን እዚያው ጀርባው ላይ አጋድማችሁ ቅርጹን እንዲይዝ እጠፉት፣ ቅርጹን ካርቶን ላይ ሳሉና ቁረጡ። ካርቶኑን ከኮርቻው እንጨት ሥር ስታስገቡት የት እንደሚቆነጥጥ፣ የት ባዶ እንደሚቀር ያሳያችኋል። የሚቆነጥጠው የእንጨቱ ጠርዝ ከሆነ በሞረድ ማለዘብ ነው፤ ምንም ያህል ምንጣፍ አይፈውሰውም።

ቀጥሎ ብርድ ልብሱን አጥብቃችሁ በመጠቅለል ሁለት ረጃጅም ትራስ ሥሩ፣ በጆንያ ሸፍናችሁ ስፉ፤ ርዝመታቸው እንደ ኮርቻው እንጨት ይሁን። በጡጫ ስትጫኑት እምብዛም የማይሰምጥ ይሁን። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እንጨት ሥር እሰሩ፣ በመሃላቸው ከፊት እስከ ኋላ አራት ጣት የሚያህል ቦይ ይቅር። ከሥራቸው የሚነጠፍ ግላስ ካለ መሃሉን ወደ ላይ ሳቡት፣ አጥንቱ ላይ አይወጠር። የእርካቡ መስፊያ ቋጠሮ ወደ ፈረሱ እንዳይዞር። ሰው ተቀምጦበት ከፊት በአጥንቱና በኮርቻው መሃል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ በቦዩ ስታዩ ብርሃን እስከ ወዲያኛው ጫፍ ይታይ። ካልታየ ፍቱትና እንደገና ስፉት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጋልባችሁ አውርዱና ላቡን ተመልከቱ። ከቦዩ በስተቀር በሁለቱም ወገን ርጥበቱ እኩል ከሆነ መልካም። በርጥበቱ መሃል መዳፍ የማታክል ደረቅ ቦታ ካለች ብዙ ሰው «እዚህ አልነካውም» ብሎ ደስ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እዚያ ነው ጫናው የበዛው፤ ላቡ መውጫ አጥቷል። በዚያው ቦታ ቆይቶ ነጭ ፀጉር ይበቅላል፣ እሱም አይመለስም።

ቁስሉ ሳይደፈን ኮርቻ አይጫን። በንጹሕ የጨው ውኃ እጠቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ክልክል ነው! መግል ወይም ሽታ ካለው፣ እብጠቱም ካልወረደ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ኮርቻው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል

ኮርቻውን ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ የሚንገዳገድ ከሆነ እንጨቱ ጠሟል። ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት እየሸጡ የሰውን ፈረስ የሚያቆስሉ አሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ገበያው ላይ ይህን ሞክሩ። እንጨቱ ደህና ከሆነ ሁለቱን እርካብ ለኩ። ያም እኩል ከሆነ የፈረሱ አንዱ ትከሻ ዝቅ ያለ ነውና በዚያ በኩል ትራሱን ትንሽ አወፍሩት።

ወደ ፊት ሲንሸራተት

ጀርባው ክብና ሥጋማ ነው። ጠፍር ማጥበቅ አይረዳም። በጭራው ሥር የሚያልፈውን ማሰሪያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ተጠቀሙ። ወደ ኋላ ከሸሸ የደረት ማሰሪያ ጨምሩለት።

ከፊት እግሩ ኋላ፣ ጠፍሩ ሥር ሲላጭ

ጠፍሩ ካመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ወይም ናይሎን ገመድ ነው ማለት ነው። አራት ጣት ስፋት ባለው የጥጥ ጠፍር ቀይሩት፣ ካሰራችሁም በኋላ የፊት እግሮቹን ተራ በተራ ወደ ፊት ሳብ አድርጉለት፤ የተጨማደደው ቆዳ ይፈታል።

የሽቦውን ካርቶን አትጣሉት። በየሦስት ወሩ ጀርባው ላይ መልሳችሁ ስታስቀምጡት፣ ፈረሱ ከከሳ በጎኑ ክፍተት ይታያል፤ ያን ጊዜ ትራሱን ፈትታችሁ አንድ ዙር ብርድ ልብስ ጨምሩ።