መኪናችሁ ብዙ ከሄደች ዘይቷን በየሳምንቱ እዩ

የቤታችን መኪና 300 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች። ዛሬም ልጆቹን ታመላልሳለች። እዚህ ያደረሳት በዋናነት አንድ ልማድ ይመስለኛል። በየእሁዱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቷን አያለሁ።

ያረጀ ሞተር ዘይት ይበላል። ቀጣዩ ሰርቪስ እስኪደርስ ከጠበቃችሁ ሊያልቅባችሁ ይችላል። ቀዩን የዘይት መብራት አትጠብቁ። እሱ የሚበራው የዘይቱ ግፊት ሲወርድ ነው፤ ያኔ ሞተሩ መጎዳት ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ሜዳ ላይ አቁሟት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡና በጨርቅ ጥረጉት። እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱት፣ ከዚያ እንደገና አውጡት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ካለ ጥሩ ነው። ከጎደለ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፤ ማብዛቱም ይጎዳል። እንደ ወተት ከነጣ ግን ውሃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳታስነሱ መካኒክ ጥሩ።

የጨመራችሁትን መጠንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር ጻፉ። ድንገት ፍጆታው ከጨመረ፣ ወይ የሚያፈስበት ቦታ አለ፣ ወይ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ጭስ የመቃጠሉ ምልክት ነው።

የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ የሚያስተባብር ቀበቶ) ካላትም የመቀየሪያ ጊዜውን እዚያው ደብተር ላይ አስፍሩ። በብዙ ሞተሮች ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።