ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ነዳጅ መለወጥ፦ የቤተ ሙከራ መመሪያ

በጅማ ከተማ ይህን ሙከራ ለሚጀምር ሰው ተስማሚው ማነቃቂያ (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ነው፤ ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ኢኖዌ፣ ፉጂሺማ፣ ኮኒሺና ሆንዳ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1979 በውኃ ውስጥ በተበተኑ መሰል ዱቄቶች ላይ ብርሃን አብርተው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዲሃይድ፣ ሜታኖልና ሚቴን ማግኘታቸውን አሳይተዋል።

ጥቂት ዱቄት በተጣራ ውኃ በትነው አልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው ብርሃን) በሚያሳልፍ የኳርትዝ ዕቃ ውስጥ ያድርጉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያስገቡ አየሩን ካስወጡ በኋላ ይክደኑት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ በክፍት ዕቃ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው መጠን ያንሳል። ዱቄቱ የሚጠቀምበት አልትራቫዮሌት ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በተለይ በክረምት ደመና፣ የአልትራቫዮሌት መብራት ይመረጣል፤ ዓይንን የሚከልል መነጽር ግን ግዴታ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በማረጋገጫው ላይ ነው። በዱቄቱ ላይ የቀረ ኦርጋኒክ ቆሻሻ በብርሃን ፈርሶ ሚቴን ሊሰጥ ስለሚችል፣ ሙከራውን በጨለማ፣ ያለ ዱቄት፣ እንዲሁም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ በአርጎን (ካርቦን በሌለው፣ ከሌላ ነገር ጋር በማይዋሃድ ጋዝ) ይድገሙት፤ በአርጎንም ተመሳሳይ መጠን ያለው ሚቴን ከታየ የመጀመሪያው ውጤት አይታመንም። አቅም ከተገኘ ካርቦን-13 (ከተለመደው የሚከብድ የካርቦን ዓይነት) ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሠርቶ ምርቱን ሞለኪውሎችን በክብደት በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ መመርመር ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ይሰጣል።