ቲሹ ላይ ቲቢ ስትፈልጉ ስላይዱ ቀይ በቀይ ሲሆንባችሁ

ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም ከሞጣም የሚደወልልኝ ለአንድ ነገር ነው፣ «የእጢ ባዮፕሲ በዚል ኒልሰን ስቴይን አድርገን ስላይዱ ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ሆነብን፣ ባሲለስ ነው ወይስ ቆሻሻ?»

ዚል ኒልሰን የቲቢን ባሲለስ (ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ) ቀይ የሚያደርግ ማቅለሚያ ዘዴ ነው። ነጠብጣቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፣ የደረቀ ካርቦል ፉክሲን፣ ማለትም ቀዩ ቀለም። በ100ው ሌንስ ፎከሱን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ነጠብጣቡ የሚጠራው ቲሹው ሲደበዝዝ ከሆነ፣ ባዶው መስታወት ላይም ካለ ቀለም ነው። ባሲለስ ቀጭን ዘንግ ነው፣ አንዳንዴ ጎበጥ ይላል፣ ከሴሎቹ ጋር እኩል ይጠራል።

ጥፋቱ ቀለሙን ስላይዱ ላይ የምናሞቅበት እሳት ነው። እንፋሎት ሲወጣው ማንሳት ሲገባን እኛ እንደ ሽሮ እናንተከትከዋለን። አንድ ጀማሪ ልጅ ስልክ ላንሳ ብሎ ወጣ፣ ሲመለስ ቀለሙ እንዳረረ ድስት ስላይዱ ላይ ተጣብቋል፣ እሱ ግን አጥቦ አየውና «ፖዘቲቭ፣ ብዙ ባሲለስ» ብሎ ጻፈ፣ ደግነቱ ውጤቱ ሳይወጣ ያዝኩት። ሌላ ቀን ደግሞ እሳቱ አጠገብ ትርፉን ቀለም የሚያጥበውን የአሲድ አልኮል ጠርሙስ ክፍቱን ትተነው የጋወን እጅጌ ተቃጠለ፣ 95 ፐርሰንት አልኮል እኮ ነው ጎበዝ! ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታም ካርቦል ፉክሲኑ ውስጥ ያለው ፌኖል ነው፣ የቡና ጭስ አይደለም።

ስለዚህ እሳቱን ተዉት። ኪንዩን የሚባለው ቀዝቃዛው ዘዴ ፉክሲኑም ፌኖሉም ጠንከር ስለሚል ማሞቅ አይፈልግም፤ ክዳን ባለው ጃር 30 ደቂቃ አቆዩት፣ ኮንትሮሉ (ባሲለስ እንዳለበት የሚታወቀው ስላይድ) ከፈዘዘ ጊዜ ጨምሩ። ሁሌ ከመጠቀማችሁ በፊት በፊልተር ፔፐር አጥልሉት፣ «ባለፈው ሳምንት ተጠልሏል» የሚለኝን ሰው አልሰማም። ግን ፌኖሉ ስለጨመረ ጓንትና መነጽር የግድ ነው፣ ፌኖል ቆዳን ስለሚያደነዝዝ ሲያቃጥላችሁ እንኳ ቶሎ አይታወቃችሁም፣ ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። የተረፈውን ሲንክ ውስጥ አትድፉ። የአክታና የቲሹ ስላይድም በአንድ ጃር አትክተቱ።

ጀርባው ቀይ ሆኖ ከቀረ ቆረጣው ወፍሯል፣ ከ4 እስከ 5 ማይክሮን ይበቃል፤ ወይ ደግሞ አሲድ አልኮሉ አርጅቷል።

ኮንትሮሉም በመጨረሻው የጀርባ ቀለም ሰማያዊ ከሆነ አሲዱ ላይ አብዝታችሁ አቆይታችኋል።

ኮንትሮሉ ደህና ሆኖ ሐኪሙ ስጋ ደዌ ከጠረጠረ በዚል ኒልሰን ኔጌቲቭ ብላችሁ አትላኩ፣ የስጋ ደዌው ባሲለስ ጠንካራ አሲድ አይችልም። ፋይት የሚባለውን ዘዴ ስሩለት፣ ፓራፊኑ የሚወጣው የለውዝ (የኦቾሎኒ) ዘይት በተቀላቀለበት ዛይሊን ነው፣ አሲዱም ለስለስ ያለ ነው። ኑግ ዘይት አይሆንም ወይ የምትሉኝ፣ ዘዴው የተሰራው በለውዝ ነው።

ለፈንገስ ክሮሚክ አሲድ የምትጠቀሙ ካላችሁ ካንሰር አምጪ ነው፣ በፔሪዮዲክ አሲድ ፓስ (PAS) የሚባለውን ማቅለሚያ ስሩ።

ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ (ባሲለስ የሌለበት ስላይድ) ላይ ባሲለስ ካያችሁ ደግሞ የቧንቧውን ውሃ ጠርጥሩ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ማይኮባክቴሪያዎች አሉ። ቀለሙን በተጣራ ውሃ እንደገና በጥብጡና ድገሙት።