አንዴ መትቼ ለምን ሁለቴ ይቆጥራል? የሚዲ ኪቦርድን በፓይተን ማንበብ

ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ ነው። ሚዶ የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ይዞ ከሚዲ ኪቦርድ መልእክት የሚያነብ ስክሪፕት አስር መስመር እንኳን አይሞላም። ሰውን የሚያደክመው መልእክቱ የት ላይ እንደቀረ መፈለጉ ነው። ከኬብሉ ጀምራችሁ ወደ ስክሪፕቱ ኑ።

የፖርቶቹ (ኮምፒውተሩ የሚያያቸው የሚዲ መግቢያዎች) ዝርዝር ባዶ ከሆነ፦ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። አንዳንድ የስልክ ኬብል ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ዳታ አያሳልፍም። የኪቦርዱ መብራት ቢበራም አያሳምናችሁ።

ስክሪፕቱ ገና ሲነሳ ኤረር ካወጣ፦ «አርቲሚዲ የሚባል ሞጁል የለም» ካለ ፓይተን-አርቲሚዲን በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) ጫኑ፤ ሚዶ ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘው በእሱ በኩል ነው። «ሚዶ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ካለ ግን የፋይላችሁን ስም እዩ። ስክሪፕቱን ራሱን ሚዶ ብላችሁ ሰይማችሁት ከሆነ፣ ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ የእናንተን ፋይል ያነባል። ስሙን ቀይሩት።

ፖርቱ እየታየ አልከፈት ካለ፦ ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፖርት የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የሙዚቃ መቅረጫችሁን ዝጉ።

አንድ ምት ሁለቴ ከተቆጠረ፦ እኔን አንድ ምሽት ሙሉ ያስቀመጠኝ ይሄ ነው። ትዝታ ሜጀርን ከመካከለኛው ዶ ጀምሬ ስመታ የኖቶቹ ቁጥር 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ሆኖ መምጣት ነበረበት። የመጣው 60፣ 60፣ 62፣ 62 እያለ ነው። ቁልፎቹ የተበላሹ መስሎኝ ልፈታው ነበር! ኪቦርዱ ግን ደህና ነው። ቁልፍ ስትጫኑ «ኖት ኦን» ይላካል፣ ስትለቁ «ኖት ኦፍ»። ብዙ ኪቦርዶች ግን ስትለቁም «ኖት ኦን» ይልካሉ፣ ቬሎሲቲውን (የምቱን ኃይል የሚናገረውን ቁጥር) 0 አድርገው። በሚዲ ደንብ ይሄም መልቀቅ ነው። ምክንያት አለው። ተከታታይ መልእክቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ የመጀመሪያው ባይት ሳይደገም ይቀራል፣ 3 ባይት የነበረው 2 ይሆናል። ሚዲ በ1983 ሲወጣ መስመሩ በሴኮንድ 31,250 ቢት ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ይህች ቁጠባ ትልቅ ነገር ነበረች። ስለዚህ ስክሪፕቱ «ኖት ኦን» መሆኑን ብቻ አይጠይቅ፤ ቬሎሲቲው ከ0 መብለጡንም ያጣራ። 0 ከሆነ እንደ «ኖት ኦፍ» ይያዘው። ቁልፉን ለቃችሁም ድምፁ አልቆም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ምንም ሳትነኩ መልእክት ከጎረፈ፦ ክሎክ ነው፣ መሣሪያዎች በአንድ ቴምፖ እንዲሄዱ የሚላክ ምልክት። በአንድ ኳርተር ኖት 24 ጊዜ ይላካል፤ ቴምፖው 120 ከሆነ በሴኮንድ 48 ማለት ነው። ስክሪፕቱ ዓይነቱን አይቶ ይለፈው።

ቻናሉ (መልእክቱ የሚላክበት መስመር ቁጥር) በአንድ ካነሰ፦ ኪቦርዱ ከ1 እስከ 16 ይቆጥራል፣ ሚዶ ከ0 እስከ 15። ስታሳዩት አንድ ደምሩበት።